ማጣሪያ ወንፊት አይደለም፦ ለጨረቃ መኖሪያ የሚሆን የአየር ማጣሪያ እንዴት ይፈተሻል?

ጥያቄ፦ «የምህንድስና ተማሪዎች ነን። የመመረቂያ ሥራችን ጨረቃ ላይ ለሚሠራ መኖሪያ የአየር ማጣሪያ መንደፍና መፈተሽ ነው። 0.3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ላይ 99.97 በመቶ ይይዛል የተባለ ሄፓ፣ ማለትም ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ፣ ከነሰርተፊኬቱ አግኝተናል። ሦስት ነገር ግን እያከራከረን ነው። የጨረቃ አቧራ ከ0.3 ማይክሮን ያነሰ ብናኝ ስላለው፣ እሱ ሁሉ ሾልኮ አያልፍም ወይ? ሰርተፊኬት ያለውን ማጣሪያ እኛ ደግመን መፈተሽ ለምን ያስፈልገናል? ደግሞስ አዲስ አበባ ተቀምጠን፣ ያለ ቫኪዩም ቻምበርና ያለ ዜሮ ስበት የምናደርገው ፍተሻ ዋጋ አለው?»

ምላሽ፦ ከመጀመሪያው ልነሳ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይመዘዛልና። ማጣሪያን እንደ ወንፊት አታስቡት። የጤፍ ወንፊት ከቀዳዳው የሚያንሰውን ያሳልፋል፣ የሚበልጠውን ያስቀራል። ሄፓ እንዲያ አይሠራም። በማይክሮስኮፕ ብታዩት የተዘበራረቀ ቀጫጭን የመስታወት ክር ነው። በክሮቹ መሀል ያለው ክፍተት ከሚይዘው ብናኝ በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ብናኙ የሚቀረው ቀዳዳ ጠቦት ሳይሆን ክር ነክቶ፣ እዚያው ተጣብቆ ነው።

እንዴት ይነካል? እንደ መጠኑ ነው። ትልቁ ብናኝ ክብደት አለው። አየሩ ክሩን ዞሮ ሲያልፍ እሱ መታጠፍ ያቅተውና ቀጥ ብሎ ይላተማል። መካከለኛው ከአየሩ ጋር ይታጠፋል፤ ግን ክሩን ተጠግቶ ሲያልፍ ጎኑ ይነካካል። በጣም ደቃቁ ደግሞ የአየር ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው እየገፉት ወዲያ ወዲህ ይንገዳገዳል። እየተንገዳገደ ያን ሁሉ ክር ሳይነካ መውጣት አይችልም። 0.3 ማይክሮን አካባቢ ያለው ነው መሀል ላይ የቀረው። ለመላተም ክብደቱ አይበቃም፣ ለመንገዳገድ ደግሞ ክብደቱ ይበዛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካዊው ኬሚስት ኢርቪንግ ላንግሙየር የጭስ ማጣሪያ ሲያጠና የደረሰበት ሐሳብ ይኸው ነው። ሰርተፊኬታችሁ ላይ 0.3 የተጻፈው ማጣሪያው ከዚያ በታች ስለማይሠራ አይደለም። የሚደክምበት ቦታ እዚያ አካባቢ ስለሆነ ነው። በዛሬዎቹ ሄፓዎች ይህ ደካማ ቦታ ከ0.1 እስከ 0.3 ማይክሮን መካከል ይዋልላል። የአውሮፓው መስፈርት ኢኤን 1822 አንድ መጠን ከመወሰን ይልቅ «ደካማውን መጠን ፈልጋችሁ እዚያው ላይ ፈትሹ» የሚለው ለዚህ ነው። ከዚያ እጅግ ያነሰው፣ 0.02 ማይክሮን የሆነው፣ በደንብ ይያዛል። ስለ እሱ አትጨነቁ።

የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና ክፍሉ አዲስ ሄፓ አስገጥሞ ፍተሻ ጠራኝ። ማጣሪያው ሰርተፊኬት ነበረው፤ ሰርተፊኬቱም ትክክል ነበር። የብናኝ መቁጠሪያውን አፍ ከማጣሪያው ፊት ሁለት ጣት ያህል አርቄ በዝግታ አሳለፍኩ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ጥግ ላይ ስደርስ ቁጥሩ ዘለለ። መለስኩት፤ አሁንም ዘለለ። ማጣሪያውን ስናወርደው ዙሪያውን ከመያዣው ጋር የሚያሽገው ጎማ፣ ጋስኬቱ፣ ጥግ ላይ ታጥፎ አገኘነው። ከጣት የማይረዝም እጥፋት ነበር። በዚያች እጥፋት በኩል ያልተጣራ አየር በቀጥታ ወደ ክፍሉ ይገባ ነበር።

በቁጥር እንየው። 99.97 በመቶ ማለት ከ10,000 ብናኝ 3 ያልፋል ማለት ነው። ከአየሩ 1 በመቶው በጋስኬቱ ጎን ሾልኮ ቢያልፍ 100 ብናኝ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ከ3 ይልቅ 103 አለፈ። ከሠላሳ እጥፍ በላይ ተበላሸ ማለት ነው፤ ወረቀቱ ግን ምንም አልሆነም። የሁለተኛው ጥያቄያችሁ መልስ እዚህ ላይ ነው። ሰርተፊኬቱ የሚናገረው ስለ አንድ አዲስና ንጹህ ማጣሪያ ነው። በተወሰነ የአየር ፍሰት፣ ብዙ ጊዜም በዘይት ጉም ወይም በጨው ብናኝ ተፈትኖ የተገኘ ቁጥር ነው። በእናንተ ሳጥን፣ በእናንተ ጋስኬት፣ በእናንተ ፋን፣ ከሦስት ወር አቧራ በኋላ ምን እንደሚሆን አይናገርም። ወደ ጠፈር የሚሄድ ማጣሪያ ደግሞ መጀመሪያ በሮኬት ንዝረት ውስጥ ያልፋል። ንዝረት ሙጫ ይሰነጥቃል፣ ጋስኬት ያንሸራትታል። ስለዚህ ቅልጥፍናው፣ ማለትም ከብናኙ ስንት በመቶ እንደሚይዝ፣ ከንዝረት በፊትም በኋላም መለካት አለበት፤ የሚያስተምረው በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። በመቶኛው ከፍ ያለው ማጣሪያ ሁሌም የተሻለ አይደለም። የመኖሪያ ክፍል አየር አንድ ጊዜ ተጣርቶ አይወጣም፤ ያው አየር ደጋግሞ ይዞራል። የሚያጸዳው የቅልጥፍናና የፍሰት ብዜት ነው። 95 በመቶ የሚይዝ ማጣሪያ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ ካሳለፈ 95 ሜትር ኩብ ንጹህ አየር ሰጠ። ሄፓው ፋኑን አፍኖ 60 ብቻ ካሳለፈ የሰጠው 60 ነው። እኔ ሄፓን አልቃወምም፤ ቦታው የት እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ። ግን «የተሻለውን ገዛን» ብላችሁ ንድፋችሁን በእሱ አትጀምሩ።

ስለ ስበት እንነጋገር። በርበሬ ሲወቀጥ አስቡት። ትልልቁ ሙቀጫው አጠገብ ይወርዳል። ደቃቁ ግን ጓዳውን አልፎ ሳሎን የተቀመጠውን ያስነጥሳል። እዚህ ምድር ላይ ስበት ራሱ ማጣሪያ ነው። ከአቧራው አብዛኛውን ወለል ላይ አውርዶ መጥረጊያ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ይህ ረዳት የለም። የልብስ ክር፣ የቆዳ ፍርፋሪ፣ የምግብ ብናኝ፣ ከእጅ ያመለጠ ብሎን ሁሉም አየሩ ወደሚስበው ይሄዳል። ጠፈርተኞች አንድ ነገር ሲጠፋባቸው መጀመሪያ የሚፈልጉት የአየር መሳቢያው ወንፊት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከጣቢያው አየር የተሰበሰቡ ናሙናዎች ያሳዩትም ይህንኑ ነው፤ ሰው ራሱና ልብሱ ዋነኞቹ የብናኝ ምንጮች ናቸው። የጋቢ ፀጉር የመሰለው ብናኝ ሄፓው ጋ ከመድረሱ በፊት በውጭው ወንፊት ላይ እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል። ሠራተኞቹ በየሳምንቱ በቫኪዩም ክሊነር የሚስቡት እሱን ነው።

ጨረቃ መሀል ላይ ናት። ስበቷ የእኛ አንድ ስድስተኛ ነው። 10 ማይክሮን የሆነ የድንጋይ ብናኝ እዚህ ከ2 ሜትር ከፍታ ለመውረድ 4 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ እዚያ 20 ደቂቃ ያልፋል። 1 ማይክሮን የሆነው እዚህ 5 ሰዓት ገደማ ይቆያል፤ እዚያ ከአንድ ቀን በላይ። ለሳንባ የሚያሰጋው ደግሞ ይኸው ደቃቁ ነው። አፖሎ 12 ከጨረቃ ተነስታ ክብደት አልባ ስትሆን፣ ወለል ላይ ተኝቶ የነበረው አቧራ ተነስቶ ክፍሉን ሞላው። በአፖሎ 17፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1972፣ ጂኦሎጂስቱ ሃሪሰን ሽሚት ከጨረቃ የእግር ጉዞ ተመልሶ የጠፈር ልብሱን ሲያወልቅ አፍንጫው ታፈነ። ናሳ ዛሬ ለጨረቃ አቧራ የያዘው ገደብ እስከ 6 ወር ለሚደርስ ቆይታ በሜትር ኩብ 0.3 ሚሊግራም ነው። ንድፋችሁ የሚለካው በዚህ ቁጥር ነው። «ክፍሉ ውስጥ የሚቀረው አቧራ ከ0.3 ሚሊግራም በታች ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ እንጂ «ማጣሪያው ስንት በመቶ ይይዛል?» ላይ አትቁሙ።

ታዲያ ስበት የሌለበትን ሁኔታ እንዴት እንፈትሻለን? ሙሉ በሙሉ አንችልም፤ ናሳም አይችልም። አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ያለው የናሳ ግሌን ማዕከል የፍተሻ ዕቃ 132 ሜትር በነፃ የሚወድቅበት ጥልቅ ጉድጓድ አለው። የሚሰጠው ክብደት አልባ ጊዜ 5.18 ሰከንድ ነው። ሽቅብ ቁልቁል የሚበርሩት የልምምድ አውሮፕላኖች 20 ሰከንድ ገደማ ይሰጣሉ። ማጣሪያ በአቧራ ለመሞላት ሳምንታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ዜሮ ስበት የለንም ብላችሁ አትዘኑ። መፍትሔው አቧራውን ወደ ማጣሪያው የሚወስደውን የፍተሻ ቱቦ ቀጥ አድርጎ ማቆም ነው። ቱቦው አግድም ከሆነ ትልልቁ አቧራ መንገድ ላይ ወርዶ ይቀራል፤ ማጣሪያው ጋ የሚደርሰው ያነሰ ይሆንና ዕድሜው ከእውነቱ የረዘመ ይመስላችኋል። ቱቦውን ቀጥ አድርጋችሁ አየሩ ከላይ ወደ ታች ይውረድ። ያኔ የለቀቃችሁት አቧራ ሁሉ ይደርሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ። ምድር ላይ ፋኑን ስታጠፉ አቧራው ማጣሪያው ላይ እንደተኛ ይቀራል፣ ወይም ወለል ላይ ይወድቃል። ጠፈር ላይ ፋኑ ሲቆም የላላው አቧራ ተመልሶ ወደ ክፍሉ ይንሳፈፋል። ይህን ለማየት የተሞላውን ማጣሪያ ፊቱን ወደ መሬት ገልብጡት፣ ፋኑን አጥፉ፣ ከሥሩ ንጹህ ወረቀት አንጥፉ፣ የወደቀውን መዝኑ። ርካሽ ፍተሻ ነው፤ ግን የመቀየሪያውን በርና መያዣ እንዴት እንደምትነድፉ በቀጥታ ይነግራችኋል።

ቫኪዩም ቻምበሩን እርሱት። ማጣሪያው የሚሠራው ሰው በሚተነፍስበት ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚያ አየር አለ። ጥያቄው አየሩ ምን ያህል ሳሳ ነው የሚለው ነው። የጠፈር ጣቢያው ከባሕር ወለል ጋር የሚስተካከል ግፊት፣ ወደ 101 ኪሎ ፓስካል ይይዛል። ለጨረቃ ተልዕኮዎች ናሳ የያዘው ሐሳብ ግን ወደ 56.5 ኪሎ ፓስካል ዝቅ ይላል፤ ኦክስጅኑ 34 በመቶ ይሆናል። አዲስ አበባ የት ናት? ወደ 77 ኪሎ ፓስካል ገደማ። በሁለቱ መካከል ተቀምጣችኋል ማለት ነው። ለእናንተ ሥራ ይህ ችግር ሳይሆን ዕድል ነው። ይኸው ማጣሪያ አዲስ አበባም፣ ከተቻለ አዋሽ ወይም ሰመራ ወርዳችሁም ተለክቶ ቢነጻጸር፣ ግፊት ሲቀንስ ምን እንደሚሆን በራሳችሁ መረጃ ታሳያላችሁ።

ምን ትጠብቃላችሁ? ማጣሪያው ላይ የሚታየው የግፊት ቅናሽ ብዙም አይለወጥም። በቀጫጭን ክሮች መሀል የሚሄድ አየር የሚታገለው ከራሱ ዝልግልግነት፣ ማለትም እንዳይፈስ ከሚይዘው ውስጣዊ ሰበቃ ጋር ነው፤ እሱ ደግሞ አየሩ በመሳሳቱ አይቀንስም። የመያዝ ቅልጥፍናውም በጥቂቱ ቢሻሻል እንጂ አይከፋም። የሚጎዳው ፋኑ ነው። ፋን የሚፈጥረው ግፊት ከአየሩ ጥግግት ጋር አብሮ ይወርዳል። ባሕር ወለል ላይ 400 ፓስካል የሚገፋ ፋን፣ በዚያው ፍጥነት እየዞረ በ56.5 ኪሎ ፓስካል የሚገፋው ወደ 220 ገደማ ነው። አዲስ ሄፓ ብቻውን 250 ፓስካል መጠየቁ የተለመደ ነው። ሂሳቡ አልተገናኘም። ብዙ የተማሪ ንድፍ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ማጣሪያው ጥሩ፣ ፋኑ ጥሩ፣ አብረው ግን አይሠሩም።

የፍጥነት መለኪያችሁንም ተጠንቀቁት። በጋለ ሽቦ የሚለካው ዓይነት በእውነቱ የሚቆጥረው የአየሩን ክብደት ነው፤ የተስተካከለውም ለባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ላይ በሰከንድ 1 ሜትር ካለ እውነቱ 1.3 ገደማ ነው። ይህን ሳታርሙ የጻፋችሁት ሠንጠረዥ በሙሉ ስህተት ይሆናል። የዕለቱን የክፍል ግፊትና ሙቀት በየገጹ ጻፉ።

አቧራውስ? እውነተኛ የጨረቃ አፈር አታገኙም። ተመራማሪዎች የሚጠቀሙት ምስያ አፈር፣ ማለትም የጨረቃውን እንዲመስል ምድር ላይ የተዘጋጀ አፈር ነው። ከታወቁት አንዱ ጄኤስሲ-1ኤ የተሠራው ከአሪዞና የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። እናንተ ማስመጣት ካልቻላችሁ፣ ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን የቢሾፍቱ አካባቢ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፈጭታችሁና ነፍታችሁ ለመሙያ ፍተሻ፣ ማለትም ማጣሪያውን በአቧራ እየሞሉ ለሚደረገው ፍተሻ፣ ብትጠቀሙ አልቃወምም። ግን ስሙን በትክክል ጥሩት፤ «የተፈጨ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ» በሉ እንጂ «የጨረቃ አቧራ» አትበሉ። የጨረቃው ብናኝ ውሃና ነፋስ ስላልዳበሰው ጠርዙ የሰላ ነው፣ ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ በላዩም እጅግ ደቃቅ ብረት አለው። የእናንተው ይህን ሁሉ አይመስልም። ስትፈጩና ስትነፉ የመተንፈሻ መከላከያ አድርጉ፤ ጨርቅ ማስክ አይበቃም። የተፈጨ ድንጋይ ሳንባ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያወጣው መድኃኒት የለም።

በድንጋይ ብናኝ ብቻ ግን አትሙሉት። መኖሪያው ውስጥ ሰው አለ፣ ሰው ካለ የጨርቅ ክር አለ። ክር ሲቀላቀል አቧራው ማጣሪያው ላይ የሚሠራው ንጣፍ ይለወጣል፤ የግፊት ቅናሹ የሚያድግበት መንገድም እንዲሁ። ሁለቱንም ለየብቻ፣ ከዚያ ቀላቅላችሁ ሞክሩ። በየተወሰነ ግራም አቧራ የግፊቱን ቅናሽ መዝግቡ። ሥራችሁ ውስጥ ትልቁን ዋጋ የምሰጠው ለዚያ ኩርባ ነው፤ ጠፈርተኛው መቼ ማጣሪያ መቀየር እንዳለበት፣ ከምድር ስንት መለዋወጫ መጫን እንዳለበት የሚነግረው እሱ ነው።

ቅልጥፍናውን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። የአስም ሕመምተኞች የሚጠቀሙበት ኔቡላይዘር ቀጭን የጨው ውሃ ሲረጭ፣ ጠብታው ደርቆ ከማይክሮን በታች የሆነ የጨው ብናኝ ይተዋል። ከማጣሪያው በፊትና በኋላ በብናኝ መቁጠሪያ ቁጠሩ። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ከማጣሪያው በፊት ብናኙ በጣም ከበዛ መቁጠሪያው ሁለቱን እንደ አንድ ይቆጥራልና በንጹህ አየር አቅጥኑት። ቆጠራው ደግሞ ካነሰ 99.97ን ማረጋገጥ አይቻልም። 10,000 ብናኝ ብቻ ልካችሁ 3 ቢያልፍ፣ 3ቱ በአጋጣሚ 1 ወይም 6 ሊሆን ይችል ነበር። ቢያንስ አንድ ሚሊዮን ላኩ፤ ያኔ የሚጠበቀው 300 ነው፣ ቁጥሩም ይታመናል። የዕጣን ጭስ የትኛው ጥግ እንደሚያፈስ ለማየት ጥሩ ነው። ለቅልጥፍና መለኪያ ግን አትጠቀሙበት፤ ሙጫው ማጣሪያውንም መቁጠሪያውንም ያቆሽሻል።

በኤሌክትሪክ ሙሌት ብናኝ የሚስቡ ሰው ሠራሽ ማጣሪያዎችም አሉ። ሲገዙ ቁጥራቸው ያምራል፣ ግፊትም አይጠይቁም። ሙሌቱ ግን በጊዜና በቆሻሻ ይጠፋል። አይኤስኦ 16890 የተባለው መስፈርት በአልኮል እንፋሎት ሙሌቱን አጥፍቶ እንደገና የሚለካው ለዚህ ነው። ሙሌቱ ከጠፋ በኋላ የሚቀረውን ቁጥር ብቻ እመኑ። በ34 በመቶ ኦክስጅን ውስጥ ፕላስቲክ እንዴት እንደሚነድም አስቡ። የመስታወቱ ክር አይነድም፤ ማጣበቂያው፣ ጋስኬቱና የፕላስቲክ ፍሬሙ ግን ይነዳሉ። ይህን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አትሞክሩት። የዕቃዎቹን ዝርዝር ጽፋችሁ ለብቻው ፍተሻ እንደሚያስፈልገው አስታውቁ።

ማጣሪያው የማይሠራውንም በግልጽ ጻፉ። ሄፓ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይዝም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይዝም፣ ሽታ አይዝም። ጋዝ ሌላ ሥራ ነው፤ የጠፈር ጣቢያው ለዚያ ዚዮላይት፣ ከሰልና የራሱ ማቃጠያ አለው።

ምክሬ ይህ ነው። ሄፓውን ብቻውን አታቁሙት፤ መጨረሻ ላይ አስቀምጡት። ከፊቱ ክር የሚይዝ፣ ከውጭ በእጅ የሚጸዳ ወንፊት ይኑር። ቀጥሎ አየሩን አሽከርክሮ ከባዱን ብናኝ በራሱ ግፊያ የሚጥል መለያ አድርጉ፤ ያለ ስበትም ይሠራልና። ልብስ የሚወልቅበትን ክፍል ከመኝታው ለዩና ሄፓው መጀመሪያ እዚያ ይግባ። ከዚያ ወረቀቱን ሳይሆን ሙሉውን ሳጥን፣ ከነፋኑና ከነጋስኬቱ ፈትሹ። ቅደም ተከተሉ ፍሳሽ፣ ቅልጥፍና፣ ንዝረት፣ እንደገና ፍሳሽና ቅልጥፍና፣ መሙላት፣ በመጨረሻም የተሞላው ቅልጥፍና ነው። ጊዜ ካጠራችሁ ከዚህ ሁሉ የማይቀነሱት ሁለቱ የፍሳሽ ፍተሻውና የመሙያ ኩርባው ናቸው። ለሁለቱም የሚያስፈልጋችሁ ቀጥ ብሎ የቆመ ቱቦ፣ የግፊት መለኪያ፣ ሚዛንና ያ የብናኝ መቁጠሪያ ነው። የመጀመሪያውን ፍተሻ ጋስኬቱን ሆን ብላችሁ ጥግ ላይ አጥፋችሁ ጀምሩ። መቁጠሪያችሁ ያንን ካላገኘ፣ ያላወቃችሁትንም ፍሳሽ አያገኝም።